ማን ልበል?

ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ጉም ተቀበለን። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ ያዘግም ጀመር። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ ከእነሱ ወዲህ የደጋው ገብስ ቢጫ ለብሷል። ጊዜው ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት እዚህ የሚፈራው ውርጭ እንጂ ዝናብ አይደለም፤ የዚያን ዕለት ግን የጠቆረ ደመና ከሸንተረሩ ኋላ ተነሥቶ፣ ገደሉን ተከትሎ፣ ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ይንከባለል ነበር።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት ከደብረ ብርሃን ነው የተሳፈሩት። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ «ስምህን ማን ልበል የኔ ልጅ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ሥራህስ?» ሲሉ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ንቀት እንዳይመስላቸው ፈጠን ብዬ «ሰው እየመራሁ ተራራ እወጣለሁ እማማ፤ ስንወርድም እኔው ነኝ የምመራቸው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እረኛ ነህ በለኛ!» አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት። እኔም ከልቤ «አዎ» አልኳቸው።

በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለዚህች አንዲት ጥያቄ ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ። መጀመሪያ የባንክ ሠራተኛ ነበርኩ። ቀጥሎ የሽንኩርት ነጋዴ ሆንኩ። አሁን ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባን ሰው ሰብስቤ አገር በእግር አሳያለሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻገረኝ ይኸው የይፋት ቆላ ስለሆነ፣ እዚህ መንገድ ላይ ማንነቴን ስጠየቅ እንደ ሌላ ቦታ ቶሎ አልመልስም።

ደብረ ሲና ላይ መኪናው ቆም ሲል ቆሎ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን አገር ይለወጣል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየጠመዝማዛው ጆሮ ይደፈናል፣ ይከፈታል። ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ። ባሕር ዛፉ ቀርቶ ግራር፣ ገብሱ ቀርቶ ማሽላ ይመጣል፤ መኪናው ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ልጆች ፓፓያና ቁርቁራ በሳፋ ይዘው ይሮጣሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ «ሮቢት ነበርኩ» ያለ ሰው፣ ሰሚው መጀመሪያ የሚያስበው ማረሚያ ቤቱን ነው። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። ከተማዋ የሮቢ ወንዝ የሚያጠጣው የአትክልት መስክ አላት፤ ማንጎ አላት፤ ለብዙ ዓመት ከአገሪቱ የትምባሆ እርሻዎች አንዱ የነበረባት ናት። የአዲስ አበባ ወጥ ስንት ጊዜ በሮቢት ሽንኩርት ቁሌቱ እንደተነሣ ማን ቆጠረ? ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስሟን የያዘው አንድ የታጠረ ግቢ ብቻ ነው። በአንድ ስም መጠራት ለከተማም ለሰውም ከባድ ነገር ነው።

እኔም ሮቢትን መጀመሪያ ያወቅኋት በስልክ ነበር። በ2009 ዓ.ም.፣ ባንክ ቤት በብድር ክፍል ስምንት ዓመት የሰውን የንግድ ዕቅድ ሳነብ ኖሬ፣ የራሴን ልሞክር ብዬ ከወጣሁ ገና አምስተኛ ወሬ ነው። ሒሳቡን ወረቀት ላይ አሳምሬዋለሁ። የማሳው ዋጋ፣ ጆንያው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የአይሱዙ ኪራዩ፣ የደላላው ኮሚሽን፣ ፒያሳ አትክልት ተራ የሚሸጥበት ዋጋ፣ ሁሉም በየረድፉ ገብቷል። ያልገባው የገዛ እግሬ ነው። ማሳውን ያየልኝ ደላላ፣ ከገበሬው ጋር የተስማማልኝ ደላላ፣ ቀብዱን የሰጠልኝም ደላላ። ገበሬው ስሜን አያውቁትም፤ «የአዲስ አበባው» ነበር የምባለው።

መጋቢት ውስጥ፣ በመጫኛው ቀን ማሳው ድረስ ሄድኩ። ገበሬው ወደ ሰባው የተጠጉ፣ ሽርጥ ያገለደሙ አዛውንት ናቸው። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ቦዩ ዳር ተከምሯል፤ ቦምቤ ሬድ የሚሉት ዓይነት፣ ቀይ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ዓይን የሚሞላ። ሰላምታ ተለዋወጥን። እሳቸው ከክምሩ አንዱን አነሡና ቅጠሉ ከራሱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አድርገው ጫን አሉት። አንገቱ እርጥብ ነበር። ጣታቸው ላይ የቀረውን ውሃ አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ አንገቱ አልደረቀም። ውሃ ካገኘ ገና ሦስት ቀኑ ነው። እኔ ዐሥር ቀን ይጠማ፣ ቅጠሉ ራሱ ይውደቅ ብዬ ነበር፤ ይነቀል ያለው ያንተ ሰው ነው። ጥላ ሥር አስጥተን ይሰንብት፤ ዛሬ አትጫነው።»

አይሱዙው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። የዚያ ሳምንት የአዲስ አበባ ዋጋ ጥሩ ነው ተብያለሁ። ደላላው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «ግድ የለም አባባ፣ ነገ ጠዋት ይሸጣል» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሽንኩርቱን ወደ ክምሩ መልሰው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

ነገ ጠዋት አልተሸጠም። መኪናው ዳገቱን ሳይጨርስ ተበላሽቶ፣ ሸራ እንደለበሰ አንድ ቀን ተኩል ፀሐይ ላይ ዋለ። አትክልት ተራ ስንደርስ ደግሞ ከየአገሩ የገባው ሽንኩርት ገበያውን ሞልቶት ነበር። የመጀመሪያውን ጆንያ አፍ ፈትቼ አንዱን አነሣሁና እሳቸው እንዳደረጉት አንገቱን ጫን አልኩት። ጣቴ ሰመጠ። በስምንት ዓመት ካጠራቀምኩት ውስጥ አብዛኛው የቀረው እዚያ ጆንያ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው መክሮኛል። አንዱ መኪና በራስህ ይሁን አለ፤ ሌላው ማቀዝቀዣ ያለው መጋዘን አለ፤ ሌላው ደግሞ ሽንኩርት ድሮም የቁማር ንግድ ነው አለኝ። ሁሉም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ሌሊት ሌሊት የሚታየኝ ግን ያ የተጠረገ እጅ ነበር። ሙሉ ዕውቀታቸውን በሁለት ጣት ይዘው መጥተው ነበር፤ እኔን ስላላወቁኝ፣ እኔም ስላላወቅኋቸው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሊናገሩኝ አልደፈሩም። ከሳቸው ጋር ጥቂት ምሽት ቡና የጠጣ ሰው ብሆን ኖሮ ክንዴን ይዘው «አትጫንም!» ይሉኝ እንደነበር ዛሬ እርግጠኛ ነኝ። ራሴን በሌላ ሰው አፍ አስተዋውቄ፣ ምክራቸውም እንደ ባዳ ምክር በጆሮዬ አለፈ።

የሰው ፊት ፈራሁ። «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» የምትለዋን ጥያቄ ለመሸሽ መራመድ ጀመርኩ፤ እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ የረር። ዳገት ላይ የሚገናኝ ሰው ሥራ አይጠይቅም። «ደከመህ?» ይላል፣ «ውሃ ይዘሃል?» ይላል። አንድ ጓደኛዬ ተከተለኝ፤ እሱ ሌላ ሰው አመጣ፤ የመኪናውን እናዋጣ አሉ፤ ቆይቶ ምሳውንም፣ መንገዱንም አንተ ያዝልን አሉኝ። እንዲህ እያለ ሥራ ሆነ። ለዚህኛው ሥራ አንድም ዕቅድ አልጻፍኩም። አንድ ሕግ ግን አወጣሁ፤ በእግሬ አስቀድሜ ያልሄድኩበት መንገድ ላይ ሰው አልወስድም።

በዚሁ ሕግ መሠረት ነው በ2010 ዓ.ም. ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ብቻዬን የወረድኩት። መነሻው የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ነው። እዚያ ገደል ላይ ለዓይን የማትከብድ ቡናማ ወፍ አለች፤ ሳይንስ የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን ስሟንም የወሰደችው ከዚሁ ከአንኮበር ነው። ከሩቅ አገር ድረስ እሷን ፍለጋ የሚመጣ ሰው አለ። ከእሷ በታች መንገዱ የአህያ ነው። ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ በየመታጠፊያው እህል የጫኑ አህዮች ሲመጡ ወደ ተራራው ጥግ መጠጋት ግድ ነው። ከታች ወደ ላይ የሚመጣው አየር እየሞቀ፣ የአርጎባ መንደሮች የድንጋይ ግድግዳ እየቀረበ፣ ከማዶ ደግሞ የአዋሽ ሜዳ እንደ ጭስ እየተዘረጋ ይሄዳል።

አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ትልቁ የገበያ በር ነበረች። ከአፋር በረሃ ጨው፣ ከባሕር ጨርቅና ዕቃ ይመጣል፤ ከደጋው እህል፣ ከሌላው ቡና ይወርዳል፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሳያነሡ ያንን ገበያ ማወደስ አይገባም። የሐረር፣ የአርጎባና የአፋር ነጋዴ እዚህ ይገናኛል። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ ይህንን ዳገት እየወጣ «ማን ልበል?» የምትለዋን ጥያቄ መመለስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በሙያው የጦር መሐንዲስ፣ በፍቅሩ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ዱር ስሙን ያስጠራ አዳኝ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እንግዶች ልቤ ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1854 ተወለዱ፤ ሁለቱም ሥራቸውን ለወጡ፤ ሁለቱም አንኮበር ደረሱ።

አንደኛው አርተር ራምቦ ነው። የፈረንሳይን ግጥም የለወጠው ወጣት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ብዕሩን ጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 በቡና ንግድ ሐረር ገባ። ቆይቶ ፒየር ላባቱ ከሚባል ነጋዴ ጋር ተሻርኮ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያቀርብ ተነሣ። ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል እስኪቀረው ድረስ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ላባቱ ታሞ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የታሰበው ፖል ሶሌዬም ሞተ። ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ አስጭኖ በረሃውን ለብቻው ተሻገረ። አራት ወር ያህል ተጉዞ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የለም፤ ሐረርን ለመያዝ ዘምቷል። እንጦጦ ላይ ሲገናኙ ንጉሡ ዋጋውን ዝቅ አደረገ፤ የሟቹ ላባቱ አበዳሪዎችም «የእኛን ክፈል» እያሉ ተሰለፉ። በኋላ ራምቦ ኤደን ላለው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ሲጽፍ፣ ከዋናው ገንዘቡ 60 በመቶውን እንዳጣና 21 ወር በከንቱ እንደደከመ አስረድቷል።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት ከአልዩ አምባ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ለእኔ መሰለኝ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፣ ፈሪም አልነበረም። ግን ወደ ይፋት የመጣው የሌላ ሰው ውል ተሸክሞ ነው፤ ያቺን አገር ያውቅ የነበረውና ስሙ የሚታወቀው ሟቹ ነበር። ዕዳውም እንደ ስሙ ወረሰው።

ሁለተኛው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነው። መሐንዲስነት ተምሮ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ መጀመሪያ ያዘዘው ጫማ እንዲሠራለት ነው ይባላል። ድልድይና ማሽን የተማረ ሰው፣ ጫማ! ኢልግ ተቀምጦ ሠራው። ከጫማው ቀጥሎ ሌላ ሥራ መጣ፣ ከዚያም ሌላ፤ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ፈቃድ በእጁ ገባ፤ ኋላም የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆኖ ለብዙ ዓመት አገለገለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን እሱ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት አርፏል። ከራምቦ ጋርም በኋላ በንግድ ተጻጽፈዋል፤ ሐረር ላለው ነጋዴ ስለ ዕቃና ስለ ዋጋ ይጽፍለት ነበር። የጫማው ታሪክ እውነት ቢሆንም ተረት ቢሆንም እወደዋለሁ። ንጉሡ «ማን ልበልህ?» ሲለው እጁን ነው ያሳየው።

ከደላላ ጋር የተጣላሁ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በ2000 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ለዶክትሬታቸው ያጠኑት ይህንኑ የእህል ደላላ ነው። ገበሬና ገዢ በማይተዋወቁበት ገበያ ላይ ደላላ ባይኖር ግብይቱ እንደማይኖር ያውቃሉ፤ መጋዘኑንና የጥራት ደረጃውን የዘረጉትም ከዚያ ዕውቀት ተነሥተው ነው። እሳቸውም ከምርምር ወደ ገበያ፣ ከገበያ ደግሞ ጀማሪ ነጋዴዎችን ወደ መደገፍ የተሸጋገሩ ሰው ናቸው። ዛሬ የሮቢት ዙሪያ ገበሬ የሚያመርተው ማሾ በዚያ ገበያ ይሸጣል። ማሾ በደረጃው ይተዋወቃል። ሽንኩርት ግን እስካሁን የሚተዋወቀው በአንገቱ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ሰንበቴ ገበያ ሄድኩ። ገበያው እሑድ ነው፤ ስሙም ከዚያው ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ይውላል፤ ፍየል፣ ግመል፣ ጨርቅ፣ ማሽላ። ከግመል ተራው ዳር ሁለት አፋሮች ሲገናኙ አየሁ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉና ማውራት ጀመሩ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው በአጭር በአጭሩ «እህ» እያለ ይቀበላል። ገበያው ዙሪያቸውን ይጯጯሃል፤ እነሱ አይቸኩሉም።

አጠገቤ የነበረው የአርጎባ ነጋዴ «ዳጉ ነው» አለኝ። «መንገድ ላይ ያየውን ነው የሚነግረው። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ የማን ግመል እንደጠፋ፣ ሰላም የቱ ጋ እንዳለ። ያየውን አየሁ ይላል፤ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ይላል። ቀላቅሎ የሚናገር ሰው ሁለተኛ አይሰማም።»

«እርስ በርስ ይተዋወቃሉ?» አልኩት።

«አሁን እየተዋወቁ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ለይፋት ክፉ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሮቢት ድረስ ገባ። ስልክ በጠፋባቸው ሳምንታት የማስበው ስለ አንድ ማሳ ነበር። ስማቸውን ያወቅሁት ከኪሳራው በኋላ ነው፤ ስልክ ቁጥራቸው ግን አልነበረኝም። ቁጥራቸውን የያዘው ደላላው ነበር።

እናም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሮቢት ላይ ወርጄ፣ እማማን ተሰናብቼ፣ ባጃጅ ይዤ ወደዚያ ማሳ ሄድኩ። ቦዩ አለ፤ ውሃ ግን የለበትም። የአጥሩ በር ላይ ቆሜ ሳንኳኳ የዐሥር ዓመት ያህል ልጅ አጮልቃ አየችኝ።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

ስሜን ብነግራት አያውቁትም። «የአዲስ አበባው» ብል የቱ? «በመጋቢት እርጥብ ሽንኩርት የጫነው ልጅ መጥቷል በይልኝ» አልኳት። ገባች። ወዲያው ከውስጥ «አንገቱ ያልደረቀውን?» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አዛውንቱ ራሳቸው ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ከስተዋል። እጃቸውን ይዤ «አፉ በሉኝ አባባ፤ ያን ቀን ልሰማዎት ይገባ ነበር» አልኩ።

«አብሽር ልጄ። እኔም ነበርኩ መኪናው ፊት መቆም የነበረብኝ። ግባ።»

የውሃ ሞተሩ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል፤ በዚያ ዓመት ሽንኩርት አልተከሉም። በዝናብ የዘሩት ማሾ ግን ታጭዶ አውድማው ላይ ተሰጥቷል፤ የደረቀው ጥቁር ቆባ በፀሐዩ ጧ ጧ እያለ ራሱ ይፈነዳል። አንድ እፍኝ አንሥተው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ትንንሽ፣ አረንጓዴ፣ የሞቀ። ጥላው ሥር ተቀመጥን። ምን እንደምሠራ አልጠየቁኝም።

«መንገዱ እንዴት ነው? ደጋው ምን ይላል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ገብሱ መድረሱን፣ ጣርማ በር ላይ ጉም መኖሩን፣ ጭላዳዎቹ እንኳ ብርድ ይዟቸው ተጠጋግተው መቀመጣቸውን። ሲሰሙኝ ዓይናቸውን ከአፌ አላነሡም።

«ደመና አለ?»

«አለ አባባ። ጥቁር ነው። ከሸንተረሩ ኋላ ተነሥቶ ገደሉን ይዞ ወደዚህ ሲወርድ ነበር።»

«በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰው ነገረህ?»

«በዓይኔ።»

ከላያችን ያለው ሰማይ አንዲት ነጥብ ደመና አልነበረበትም። አዛውንቱ ቀና ብለው ሳያዩት ተነሡ። «ልጆች! ሸራውን!» ብለው ተጣሩ። ልጅቷና ሁለት ጎረምሶች እየሮጡ መጡ። ማሾውን በመንሽና በእጅ ወደ መሐል ሰበሰብነው፤ ቆባው በጣታችን መካከል ይፈነዳል። ሸራው ሲዘረጋ አራት ጫፍ ነው፤ አንዱን ለልጅቷ፣ ሁለቱን ለጎረምሶቹ፣ አንዱን ለእኔ ሰጡን። የደረሰኝን ጫፍ ስቤ በድንጋይ ተጭኜ ቀና ስል፣ በደብረ ሲና በኩል ያለው ተራራ አናቱ አይታይም ነበር።